ተራው ሲደርስዎ ምን ይዘፍናሉ?

አማርኛ የሚማር ሹም ብዙ ጊዜ የሚደክመው ደብዳቤ ለማንበብና ጉዳይ ለማስረዳት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የመንግሥት ሥራ በደብዳቤ የሚሄድ ነውና። ነገር ግን በቢሮው አማርኛ አሳምሮ የሚናገር ሰው፣ ማታ በወዳጆቹ ቤት ተጋብዞ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ «አሁን ደግሞ እንግዳችን አንድ ዘፈን ያሰሙን» የተባለ እንደ ሆነ፣ የተማረው ሁሉ ጥሎት ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዳንዱ ጉሮሮዬን ያመኛል ብሎ ያመካኛል። አንዳንዱ ደግሞ ሳያስብ በአገሩ ሁሉ የታወቀውን ታላቅ ዘፈን ይጀምርና በሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይቆማል። ያን ጊዜ የቤቱ ባለቤት አፍሮ ያጨበጭባል፤ እንግዳውም ከዚያ ማታ ጀምሮ በሰው ፊት አማርኛ መናገሩን ይቀንሳል። የኋለኛው ጉዳት ከፊተኛው የከፋ ነው። ስለዚህ ቀላል ዘፈን አስቀድሞ መርጦ መያዝ፣ እንደ ግስ እርባታ ሁሉ፣ ሊጠና የሚገባው ነገር ይመስለኛል።

ምሳሌዬን የማመጣው ጥቁርና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙባት ከካርቱም ነው፤ ዓመቶቹንም የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በሥራ ምክንያት በዚያች ከተማ በኖርኩበት ጊዜ፣ ደይም በሚባለው ሰፈር የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎች ምግብ ቤትና ቡና ቤት ከፍተው ይኖሩ ነበር። የቡናውን ዕቃ ሱዳኖችም እንደ እኛው ጀበና ይሉታል፤ ልዩነቱ እነርሱ ቡናው ውስጥ ዝንጅብል ማብዛታቸው ነው። በአንድ ምንጣፍ ዙሪያ የጎንደሩ፣ የመቀሌው፣ የወለጋው፣ የአስመራው ሰውና ሱዳናዊው ጎረቤት ይቀመጣሉ። የጨዋታው ቋንቋ አንድ ጊዜ አማርኛ፣ አንድ ጊዜ ዐረብኛ ይሆናል። ተራ በተራ መዝፈን ደግሞ በእንዲህ ያለው ስብስብ የተለመደ ነበር።

ዘፈን በካርቱም ቀላል ነገር አልነበረም። በ1994 ኾጀሊ ዑስማን የተባሉት ታዋቂ ዘፋኝ ኦምዱርማን ላይ በሙዚቀኞች ቤት ውስጥ በጩቤ ተወግተው ሞተዋል። የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሚባለውም እስከ ኖቬምበር 2019 ድረስ ጸንቶ በቆየበት ዘመን፣ ሙዚቃ ያለበት ግብዣ ለማድረግ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ሰዎች በገዛ ቤታቸው ሲዘፍኑ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ልማዳቸው ሆነ። ይህ ልማድ ሳይታሰብ አንድ መልካም ነገር አስተማረ። ዝቅ ባለ ድምፅ ሊዘፈን የሚችል ዜማ፣ ያልሠለጠነ ሰውም ሊዘፍነው የሚችለው ዜማ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ተሳሳተው ምርጫ ልናገር። ጀማሪ ሰው ቀስ ያለ ዘፈን ቀላል ይመስለዋል፤ ስለዚህም ትዝታን ይመርጣል። ትዝታ ግን ቀስ ማለቱ ራሱ ከባድ ያደርገዋል። በአንድ ቃል ላይ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ትንፋሹም እስከዚያ ድረስ መቆየት አለበት፤ ዘፋኙ ከራሱ የሚጨምረው ጌጥ ከሌለበት ዜማው ባዶ ይሆናል። አምባሰልም እንደዚሁ ነው። የወሎዋ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ሲዘፍኑ የሰማ ሰው ለመሞከር መድፈር ያለበት አይመስለኝም። ጥላሁን ገሠሠም (ከ1940 እስከ 2009 የኖሩት) ዘፈናቸውን ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ያ ዘፈን የተሠራው ለርሳቸው ድምፅ ነበር። ድምፃቸው ከፍ በሚልበት ቦታ ላይ የሌላው ሰው ድምፅ ይሰበራል። የታወቀ ዘፈን ሌላም ችግር አለው፤ ሰሚው ሁሉ ዋናውን በጆሮው ይዞ ስለሚያዳምጥ ያነጻጽራል።

እንግዲህ ቀላሉ የትኛው ነው ቢባል፣ እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ክራር ነው። ስድስት አውታር ያለው ክራር በልማዱ በአምስት ድምፅ ይቃኛል፤ ስድስተኛው አውታር የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ስለዚህ በእነዚህ በስድስቱ አውታሮች ብቻ ተመትቶ የሚያልቅ ዜማ ከአንድ እርከን፣ ፈረንጆች ኦክታቭ ከሚሉት፣ አይወጣም። ማንም ጤነኛ ጉሮሮ ያለው ሰው ይህን ያህል ስፋት ያለ ችግር ይዘፍናል። ክራር የሚመታ ወዳጅ ካለዎት ያሰቡትን ዘፈን እንዲመታልዎ ይለምኑት፤ ጣቱ አውታር ካጠረው ዘፈኑን ይተዉት።

ሁለተኛው የግጥሙ ቤት ርዝመት ነው። የአማርኛ ግጥም በቀለም ይቆጠራል። አብዛኛው የፍቅርና የትዝታ ግጥም የሚገጠምበት የወል ቤት የሚባለው፣ ስድስት ቀለም ብሎ ጥቂት ያርፍና ስድስት ቀለም ይጨምራል፤ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ነው። የቡሄ በሉ ቤት ግን አራት ብሎ ያርፋል፣ አራት ይጨምራል፤ በስምንት ቀለም ያልቃል። ለቋንቋው እንግዳ የሆነ ሰው በስምንቱ ትንፋሽ አያጥረውም፤ ቃሉም ቢጠፋው ቶሎ የሚያገኝበት ዕረፍት ቅርብ ነው። ልጆች በቡሄ ዕለት በር ለበር እየዞሩ የሚዘፍኑት በዚህ ዓይነት አጭር ቤት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጅ እየሄደ፣ ዱላ እየመታ የሚዘፍነው ስለ ሆነ ነው።

ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ተቀባይ መኖሩ ነው። «ሆያ ሆዬ»ንና በአዲስ ዓመት ልጃገረዶች የሚዘፍኑትን «አበባየሆሽ»ን ያስቡ። አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ የተቀባዮቹም ድርሻ አንዲት አጭር ቃል ናት። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ከተቀባዮቹ ጋር ሆኖ ያቺን ቃል ብቻ ይላል፤ ዜማው ሲገባው ሁለት ስንኝ ያወጣል፤ ቢሳሳት እንኳ ተቀባዮቹ ድምፁን ይሸፍኑለታል። የሠርግ ዘፈኖችም አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። እኔ ራሴ የትግርኛ ተወላጅ ስሆን፣ አማርኛን መጀመሪያ በአፌ ያስገባሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት በመዝሙር ነበር፤ የመዝሙሩ አዝማች ተደጋግሞ ስለሚመለስ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ የያዝኳቸው ቃላት ኋላ በመጽሐፍ ሲገጥሙኝ እንደ ቆየ ወዳጅ ሆኑልኝ። እርግጥ ነው፣ መዝሙርን ለግብዣ ቤት አላመጣውም፤ ቦታው ሌላ ነው።

ይህን ዓይነት ምርጫ ከማንም ይበልጥ የለመዱት ሕዝብ ጃፓኖች ናቸው፤ የእነርሱን ነገር ጥቂት ማየት ይጠቅማል። በ1971 በኮቤ ከተማ ኢኖዌ ዳይሱኬ የተባሉ፣ በመጠጥ ቤት ለሚዘፍኑ ደንበኞች ሙዚቃ የሚመቱ ሰው፣ አንድ ደንበኛቸው በጉዞው ላይ አብረውት እንዲሄዱ ቢለምናቸው መሄድ ስላልቻሉ ማጀቢያውን በቴፕ ቀርጸው ሰጡት። ከዚህ ተነሥተው ሳንቲም ሲገባበት ማጀቢያ የሚያሰማ መሣሪያ አሠሩ። ለፈጠራቸው መብት ስላላስመዘገቡ ሌሎች ሲከብሩበት እርሳቸው ብዙም አልተጠቀሙም። ሌላው ጃፓናዊ ነጊሺ ሺገኢቺ ደግሞ በ1967 ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ነበር። መሣሪያው ካራኦኬ ተባለ፤ ቃሉ «ባዶ ኦርኬስትራ» እንደ ማለት ነው፤ ዘፋኙ እዚያው የተቀመጠው እንግዳ ነውና። ዛሬ ማጀቢያው በእጅ ስልክ ስለሚገኝ መሣሪያው በሌለበትም አገር ልማዱ ይደረጋል።

የጃፓን ሠራተኛ እንግዲህ ከሥራ በኋላ ከአለቃው ጋር ሄዶ በአለቃው ፊት መዝፈን ግዴታው ያህል ሆነ። በዚህ ጭንቅ ጊዜ ብዙዎች የሚመርጡት የወጣት ዘፋኞችን ማኅበሮች ዘፈን ነው። እነዚህን ወጣቶች «አይዶል» ይሏቸዋል፤ ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ጣዖት ነው። አስተዳደጌ ይህን ቃል ለመቀበል ትንሽ ያስቸግረኛል፤ ዘፈናቸው ግን ለጀማሪ የሚመች ነው። በ1970ዎቹ ሦስቱ ካንዲስ፣ ሁለቱ ፒንክ ሌዲ የሚባሉት ልጃገረዶች፣ ኋላም በ2005 በቶኪዮ የተቋቋመው ኤኬቢ 48 የሚባለው ትልቅ ማኅበር አብዛኛውን ዘፈን አንድ ላይ ሆነው ይዘፍናሉ። ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚዘፍነው ዜማ ለሁሉም ድምፅ እንዲስማማ ተደርጎ መሠራት አለበት፤ ስፋቱ ጠባብ፣ አዝማቹ አጭር፣ ጭፈራውም በእጅ ብቻ ሊደረግ የሚችል ይሆናል። የኤኬቢ 48 «ኮይሱሩ ፎርቹን ኩኪ» በ2013 በወጣ ጊዜ የድርጅት ሠራተኞችና የአውራጃ መሥሪያ ቤት ሹማምንት ሳይቀሩ በሥራ ልብሳቸው ጨፍረው ፊልም አስነሥተውበታል። ከኛ ሹማምንት መካከል ይህን የሚደፍር ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ቢኖር ግን ባየሁ።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በድሮው የጃፓን ዘፈን የተለመደው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፣ አንደኛው ዓይነት ከኛ ትዝታ ሜጀር፣ ሁለተኛው ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች አሉት። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ለዕረፍት ወደ ጃፓን ይሄዱ የነበሩት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ያንን ዜማ ሲሰሙ እንግዳ አልሆነባቸውም ቢባል አያስደንቅም።

ወደ ካርቱም ስንመለስ፣ የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ዘፈንም በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። ከሌላው የዐረብ ዓለም ዘፈን የሚለየውና ለኛ ጆሮ የሚቀርበውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1920ዎቹ የነበረው ሐቂባ የሚባለው የሱዳን ዘፈን፣ አንድ አውጪና ጥቂት ተቀባዮች በጭብጨባና በትንሽ ከበሮ የሚያሰሙት ስለ ነበረ፣ ከላይ ስለ ተቀባይ የተናገርኩት ሁሉ ለርሱም ይስማማል። ሐቂባ ማለት ሻንጣ ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው እነዚያን አሮጌ ዘፈኖች ያሰማ ከነበረው የኦምዱርማን ራዲዮ ፕሮግራም ነው። ሳይድ ኸሊፋ የተባሉት የሱዳን ዘፋኝ ደግሞ «ኢዘያኩም» በተባለው ዘፈናቸው በኢትዮጵያ ሳይቀር ታውቀዋል። የዚያ ዘፈን አዝማች በዐረብኛ ትምህርት የመጀመሪያው ቀን የሚጠናው ሰላምታ ነው። ቀላል ዘፈን ማለት ይህ ነው፤ ሰውዬው በመንገድ ላይ በየቀኑ በሚናገረው ቃል የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ሙሐመድ ዋርዲን ሳላነሣ አላልፍም። በ1932 ሳዋርዳ በምትባል በሰሜን ሱዳን መንደር የተወለዱት ዋርዲ ኑብያዊ ነበሩ፤ የእናታቸው ቋንቋ ዐረብኛ አልነበረም። አስተማሪ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው በ1957 ወደ ኦምዱርማን ራዲዮ ገቡ፤ በ2012 ካርቱም ላይ እስከ ሞቱ ድረስ በሱዳን ከሁሉ የሚበልጡ ዘፋኝ ተብለው ተቆጠሩ። የዘፈኑትም በዐረብኛም በኑብኛም ነው። በአዲስ አበባም የዋርዲን ዘፈን ትርጉሙን ሳያውቅ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛ ቋንቋዬ ስለ ሆነ አልዘፍንበትም የሚለኝ ተማሪ ሲገጥመኝ የርሳቸውን ታሪክ እነግረዋለሁ።

አሁን ስለ ቃሉ አነጋገር ጥቂት ልበል። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅን በጽሑፍ አይለይም፤ በንግግር ግን ይለያል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ዘፋኝ ድምፁን ሲያስረዝም ይህ ልዩነት በቀላሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጀማሪው ግጥሙን መጀመሪያ ያለ ዜማ፣ እንደ ደብዳቤ፣ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ያንብብለት። ትግርኛ ለሚናገረው ቀ፣ ጠ፣ ጨና ጸ አያስቸግሩትም፤ ችግሩ ሐንና ዐን እንደ አገሩ ከጉሮሮው አውጥቶ መናገሩ ነው። በዘፈን ውስጥ ይህ ይበልጥ ይሰማል። እኔ ግን እንደ ትልቅ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ያገር ሽታ አለው።

የሰዋስው መጽሐፍ የማይናገረው አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአማርኛ ዘፈን በአብዛኛው «አንቺ» ወይም «አንተ» እያለ የሚናገር ነው፤ «እርስዎ» የሚል የፍቅር ዘፈን ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በሚዘፍኑበት ጊዜ ዐይንዎን በቤቱ እመቤት ወይም በአለቃዎ ላይ አያሳርፉ። በንግግር እትዬ ወይም ጋሼ የሚሏቸውን ሰው በዘፈን «አንቺ» ያሉ ወይም «አንተ» ያሉ ያህል ይሆናል። ሴት ወይዘሮም የወንድን ዘፈን ስትዘፍን «አንቺ»ን ወደ «አንተ» የመለወጥ ሐሳብ ቢመጣባት ትጠንቀቅ፤ «ሽ» ወደ «ህ» ሲለወጥ ቤቱ ይፈርሳል። እንዳለ መዝፈኑ ነውር የለበትም። ይህን ሁሉ ለማምለጥ የሚሻ ሰው ስለ አገር፣ ስለ እናት ወይም ስለ በዓል የተገጠመውን ይምረጥ። ሰምና ወርቅ ያለበትንም ግጥም ወርቁን ሳያስፈቱ አይያዙ፤ ሰሙ ስለ ማር ሲናገር ወርቁ ስለ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚስቀው ሰሚው እንጂ ዘፋኙ አይደለም።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ከሁሉም ይከብዳል። በዚያ ምንጣፍ ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ሁሉ ከአንድ ወገን አልነበሩም። ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሆኗል። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከአምሳ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከትግራይ ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገብተዋል፤ በአል ፋሻጋ መሬት ምክንያትም የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ተጋጭተዋል። ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ ዜማቸው ያማረ፣ ቃላቸውም ለመያዝ የማያስቸግር ነው፤ ለጀማሪ በጣም ይማርካሉ። ነገር ግን በአጠገብዎ ቡና የሚያቀብልዎት ሰው ወንድሙን የት እንደ ቀበረ አያውቁም። በካርቱም በነበርኩበት ጊዜ አንድ ማታ አንድ ወጣት በየዋህነት ቀረርቶ ቢጀምር፣ ከእንግዶቹ አንዲት ሴት ሲኒዋን አስቀምጣ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ግብዣውም እስኪያልቅ አልተመለሰችም። ወጣቱ የዘፈነውን ትርጉሙን እንኳ በደንብ አያውቀውም ነበር። የቤቱ ሽማግሌ ቶሎ ብለው የሠርግ ዘፈን አወጡና የቀረው ሰው ተቀበላቸው። እኔ ለማውቃቸው ተማሪዎች ሁሉ የጦርን ዘፈን በመማሪያ ክፍል እንጂ በግብዣ ቤት አትዘፍኑ የምላቸው ለዚህ ነው።

ልምምዱ በቤት ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ልጆች ያሉት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ልጆች ተቀባይ መሆን አይሰለቻቸውም፤ የአባታቸውንም ስሕተት ሳይራሩ ያርማሉ። ሦስት ዘፈን ይበቃል፤ አንድ የበዓል፣ አንድ የሠርግ፣ አንድ ደግሞ የጎረቤት አገር። በግብዣው ላይ ከሁለት አንጓ አያሳልፉ፤ ቀጥሎ አውጪነቱን በአጠገብዎ ላለው ሰው ይልቀቁለት።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የደይም ሰዎች ተበተኑ። ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ሌሎች ወደ ግብፅ ሄዱ። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸውም እንደዚሁ ተሰደው፣ ከእነርሱ መካከል አዲስ አበባ የደረሱ አሉ፤ እንግዳውም ባለቤቱም በዚህ ተለዋወጡ። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች በተጋበዙበት ቤት ተራው የደረሰው ሰው የሳይድ ኸሊፋን የሰላምታ ዘፈን ቢጀምር፣ አዝማቹን እንግዶቹ ራሳቸው ይቀበሉታል። የአዝማቹ ቃል ሰላምታ ስለ ሆነ በአንድ ማታ ይጠናል።